ዘር፣ ዕድልና አኀዝ በፈረስ ውድድር

(በጫጫ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለዚህ አካባቢ የፈረስ ርቢ እንድናገር ነበር። ርእሱን በደስታ ከተቀበልሁ በኋላ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አንድ ነገር ጨመርሁበት፤ ይኸውም ውርርድ ነው። የእንስሳት ሐኪምና የርቢ ባለሙያ በተሰበሰበበት አዳራሽ ስለ ውርርድ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ የማይገባ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ፈረስ ዘር የሚያምነውን በአፉ ብቻ ሲናገር ምንም አይከፍልበትም፤ ገንዘቡን ሲያስይዝበት ግን እምነቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስለ ዘር አለን ከምንለው ዕውቀት የትኛው እውነት፣ የትኛው የአጋጣሚ ወሬ እንደሆነ ለመለየት ከእሽቅድምድም ሜዳ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም።

የተሰበሰብንባት ጫጫ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስስ፣ ብርዱ ጽኑ በሆነበት ደጋ፣ ገብስና ባቄላ፣ በግና ፈረስ የሰዉ ኑሮ ምሰሶ ናቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመናገሻዎቻቸው አንዷን የመሠረቱት በዚሁ አቅራቢያ በአንጎለላ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው ነው። አያትዬው አባ ዲና፣ የልጅ ልጅዬው አባ ዳኘው ተብለዋል። ራስ ጎበናን አባ ጥጉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያልን በፈረሶቻቸው ስም እስከ ዛሬ እንጠራቸዋለን። ለሙያችን ሰው ግን እዚህ ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ታሪክ የጌታውን ስም ከፈረሱ ስም ጋር አጣምሮ ሲያቆይልን የፈረሱን አባትና እናት አልነገረንም። ፈረሱ ክብር ነበረው፤ የትውልድ ሐረግ ግን አልተጻፈለትም።

በእንግሊዝ አገር ጄምስ ዌዘርቢ የእሽቅድምድም ፈረሶችን አጠቃላይ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1791 ማሳተም ጀመረ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ በመቀጠሉ፣ የዛሬው የእንግሊዝ ፈረስ በአባት በኩል እስከ ሦስት መሥራች ድንጉሎች ድረስ ይቆጠራል። ከሦስቱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1704 ከሐለብ የተገዛው ዳርሊ ዐረብ ነው። ፓትሪክ ከኒንግሃምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ከዛሬዎቹ የዚህ ዘር ፈረሶች ከመቶ 95 ያህሉ በወንድ ሐረግ ወደዚህ አንድ ድንጉላ ይወጣሉ። እኛስ? ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን በየጊዜው በሚያወጣው የናሙና ጥናት መሠረት በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ። ቀፈና ኤፋና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ የጎረቤታችን የሰላሌ ፈረስ አንዱ ነው። እንግዲህ የፈረሶቻችንን ቁጥር እናውቃለን፣ መልካቸውንና ቁመታቸውንም ለክተናል፤ የቀረን ማን ከማን እንደተወለደና የተወለደው ምን እንደሠራ ነው።

ውርርዱን በሚመለከት፣ ለአገራችን ሰው የፈረስ እሽቅድምድም እንግዳ ነገር አይደለም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተከበረበት ሰሞን ጃን ሜዳ ላይ ፈረስ ተጋልቧል፤ ሜዳው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የመኳንንቱና የሌጋሲዮኖቹ መሽቀዳደሚያ ነበር። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን አስጊጦ ይወጣል። በደጋው ሸዋም በጥምቀት ሰሞን ሜዳው ለጉግስና ለሽምጥ ግልቢያ ይለቀቃል፤ በዳር የቆመውም ሰው አንዱ «ዳማው ይቀድማል» ሲል ሌላው «አምባላዩ ነው» እያለ ጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዴም በግ ያስይዛል። ይህ ውርርድ ትንሽ ነው፤ የተሸነፈውም ቢሆን እየሳቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትልቁ ውርርድ የሚደረገው በገበያ ላይ ነው። ድንጉላ የሚገዛ ሰው ገና ባልተወለደ ውርንጭላ ላይ የሚወራረድ ሰው ነው። በሬውን ሸጦ፣ አንዳንዴም ተበድሮ፣ «ይህ ፈረስ ልጆቹን እንደ ራሱ ያደርጋቸዋል» በሚል እምነት ሁሉን ነገር በአንድ እንስሳ ላይ ያስይዛል። የተወራረደ መሆኑን ግን አያውቅም። ትርፍና ኪሣራው የሚታየውም ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሒሳቡን አይተሳሰብም።

በዚሁ ገበያ ከአንድ አዛውንት የፈረስ ነጋዴ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ ዋጋው ላቅ ያለ አንድ ቦራ ድንጉላ ይዘው ቆመዋል።

«አባባ፣ የዚህ ፈረስ ዋጋ እንዲህ የበዛው ስለምን ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ አባቱ ሦስት ጥምቀት ሙሉ አልተቀደመም። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ከዚያው አባት የተወለዱት ሌሎቹ ልጆችስ እንዴት ሆኑ?»

ጥቂት አሰቡና፣ «እነሱማ ጋሪ ይጎትታሉ» አሉኝ።

«የዚህኛው እናትስ?»

«እናቱን ምን ትሠራልሃለች? ባዝራ ናት።»

እኒህን አዛውንት ላማቸው ይህን አልተናገርሁም። አነጋገራቸው ሐቀኛ ነበር፤ ከዚህም በላይ በሦስት አጭር መልስ የዛሬውን ንግግሬን ሦስት ክፍሎች ሰጥተውኛል፤ እነዚህም ሦስቱ ጥምቀት፣ ጋሪ የሚጎትቱት ልጆችና ስሟ ያልታወቀው ባዝራ ናቸው።

ከሦስቱ ጥምቀት እንጀምር። በአንድ ሜዳ ላይ ስምንት ፈረሶች ይሮጣሉ እንበል፤ ለክርክሩ ሲባል ስምንቱም በጉልበት ፍጹም እኩል ናቸው፣ አሸናፊውን የሚለየው መነሻው ላይ ማን እንደቀደመ፣ ጭቃው የትኛው እግር ሥር እንደዋለ ብቻ ነው እንበል። ከስምንቱ አንዱ ሦስት ዓመት በተከታታይ የማሸነፉ ዕድል ስንት ነው? የመጀመሪያውን ዓመት አንዱ የግድ ያሸንፋል፤ ያው ፈረስ ሁለተኛውን ለመድገም ከ8 አንድ፣ ሦስተኛውን ለመድገም ደግሞ ከ8 አንድ ዕድል አለው። ስለዚህ መልሱ ከ64 አንድ ነው። ይህ ለአንድ ሜዳ ትንሽ ዕድል ነው። ነገር ግን በሸዋ ደጋ እንዲህ ያለ ሜዳ 64 ቢኖር፣ ቢያንስ በአንደኛው ላይ «ሦስት ጥምቀት ያልተቀደመ» ፈረስ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 63 ያህል ነው። ፈረሶቹ ሁሉ እኩል ሆነው ሳለ ማለት ነው። ዝናው ወደ ገበያ የሚደርሰው የዚያ የአንዱ ሜዳ ነው፤ የሌሎቹ 63 ሜዳዎች ወሬ ከየቀበሌያቸው አይወጣም።

ደረን ብራውን የሚባል እንግሊዛዊ ትርኢት አቅራቢ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴሌቪዥን ይህንኑ ነገር በገሃድ አሳይቷል። አንዲት ሴት በየጊዜው የሚያሸንፈውን ፈረስ ስም ቀድሞ የሚነግራት መልእክት ይደርሳታል፤ አምስት ጊዜ በተከታታይ ትክክል ሆነ። ሴትዮዋ የማይሳሳት ዘዴ የተገኘ መስሏት ብዙ ገንዘብ ለማስያዝ ተነሣች። ምስጢሩ ግን ቀላል ነበር። መልእክቱ በመጀመሪያ የተላከው ለ7776 ሰዎች ነው። በስድስት ቡድን ተከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን ከስድስቱ ፈረሶች የአንዱ ስም ተነገረው፤ የተሸነፈበት ቡድን እየተጣለ፣ ያሸነፈው እንደገና በስድስት እየተከፈለ ሲሄድ፣ ከአምስተኛው ውድድር በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። 7776 ማለት 6 በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ ነውና። ሴትዮዋ ያየችው የራሷን መንገድ ብቻ ነበር፤ የተጣሉትን 7775 ሰዎች አላየችም። የጫጫ ገዢም ጋሪ የሚጎትቱትን አያይም።

መገጣጠምን በሚመለከት ለእኛ ለፈረስ ሐኪሞች ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ ጥቂት ብቆይበት ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1898 ስለ ጥቂት ቁጥሮች ሕግ ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ፣ በፕሩስያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱትን ወታደሮች ቆጠረ። ዘመኑ ከ1875 እስከ 1894 ያሉት 20 ዓመታት ናቸው። በአደረጃጀታቸው ተመሳሳይ የሆኑትን 10 የጦር ክፍሎች ብንወስድ 200 የክፍል ዓመታት ይሆናሉ፤ በእነዚህም ውስጥ የሞቱት 122 ናቸው። በ109ኙ የክፍል ዓመታት አንድም ሰው አልሞተም፤ በ65ቱ አንድ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት ሦስት፣ በአንዱ ደግሞ አራት ሰዎች ሞቱ።

እስቲ የዚያ የመጨረሻው ክፍል አዛዥ ምን ይደርስበት እንደነበር አስቡት። አራት ሰው በአንድ ዓመት! ፈረሶቹ ክፉ ዘር ናቸው ይባላል፤ ባልደራሱ ይሻራል፤ ምናልባትም ድንጉሎቹ ሁሉ ይሰነጋሉ። ነገር ግን ፖዋሶን የተባለው ፈረንሳዊ ባወጣው ቀመር መሠረት፣ አደጋው በሁሉም ክፍል ላይ እኩል እንደ ዕጣ ይወድቃል ብለን ብናሰላ፣ የሚጠበቀው ምንም ሞት የሌለበት 108.7፣ አንድ ሞት ያለበት 66.3፣ ሁለት 20.2፣ ሦስት 4.1፣ አራት 0.6 የክፍል ዓመት ነው። የተቆጠረውና የተሰላው ይህን ያህል ይቀራረባሉ። ይህ ማለት መጥፎው ዓመት መጥፎ ፈረስ መኖሩን አያስረዳም፤ ዕጣ ሲበተን አንዳንድ ቦታ ላይ ይከማቻልና። አንድ ድንጉላ በአንድ ዓመት አራት አሸናፊ ልጆች ወጡለት ሲባል እኔ በመጀመሪያ የማስታውሰው ያን የፕሩስያ አዛዥ ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ ዘር የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ዕጣ ነው እንዳልሁ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ዘር ከልጓም መሳቡ እውነት ነው። ጥያቄው ምን ያህል ይስባል የሚለው ነው፤ ይህንንም የለኩ ሰዎች አሉ።

ጋፍኒና ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1988 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ የሮጡ ፈረሶችን የብቃት ነጥብ ከ1952 እስከ 1977 ተከታትለው፣ በፈረሶቹ መካከል ካለው የብቃት ልዩነት ከሦስት እጅ አንድ እጅ የሚያህለው ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ አገኙት። ከዚህም ጋር የዘሩ ብቃት ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መሄዱን አሰሉ። ወዲያው ግን እንቆቅልሽ ተነሣ። ዘሩ ይህን ያህል ከተሻሻለ የትልልቆቹ ውድድሮች ሰዓት ስለምን አልቀነሰም? በአሜሪካ ሴክሬታርየት የተባለው ድንጉላ እ.ኤ.አ. በ1973 በኬንታኪ ደርቢ 2000 ሜትር ያህሉን በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ሮጦ ያስመዘገበው ሰዓት ከ50 ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል። አንዳንዶች ፈረስ የተፈጥሮ ዳርቻው ላይ ደርሷል አሉ። ሻርማንና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ከ600 ሺህ በላይ የውድድር ሰዓቶችን መርምረው በጥቂት ዝነኛ ውድድሮች ፈንታ ሁሉንም ሲደምሩ፣ ፈረሶቹ በተለይ በአጭር ርቀት በእርግጥ እየፈጠኑ መሆናቸውን አሳዩ። አዝማሚያው ነበረ፤ የተሰወረው በየዓመቱ አንድ አሸናፊ ብቻ ሲታይ ስለነበረ ነው። ይህ ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ያለው ይመስለኛል፤ የአሸናፊው ሰዓት ስለ ዘሩ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ድንጉላ ገዢው ሒሳብ እንመለስ። ፈረሱ በብቃት ነጥብ ከመንጋው አማካይ በ10 ይበልጣል እንበል። የመተላለፉ ልክ ከመቶ 35 ቢሆን፣ ከ10ሩ ነጥብ ውስጥ የዘር የሆነው በአማካይ 3.5 ነው። ድንጉላው ለልጁ የሚሰጠው ግማሹን ስለሆነ፣ ከመካከለኛ ባዝራ የሚወለደው ውርንጭላ የሚጠበቅለት ብልጫ 1.75 ነጥብ ብቻ ነው። ይህም ብቃቱ በብዙ ውድድር ተፈትኖ ሲታወቅ ነው። የተፈተነው በአንድ ቀን ግልቢያ ከሆነና የመተላለፉ ልክ ወደ ከመቶ 10 ከወረደ፣ ከ10ሩ ነጥብ ለልጁ የሚደርሰው ግማሽ ነጥብ ነው። ገዢው ግን የከፈለው የ10ሩን ነጥብ ዋጋ ነው። ልጆቹ ወደ አማካዩ ሲመለሱ «ባዝራዋ አበላሸችው» ይላል፣ ወይም «ዐይን በላው»።

በገንዘብ የሰከሩት አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2006 ግሪን መንኪ የተባለ የሁለት ዓመት ፈረስ በዘሩና በአንድ ቀን የሙከራ ሩጫ ብቻ 16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ሦስት ጊዜ ሮጦ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1975 በ17500 ዶላር የተገዛው ሲያትል ስሉ ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስቱን የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች ሕግ ላወጣ አልፈልግም፤ እኔም የደረን ብራውን ሴትዮ እንዳልሆን። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤመሊን ሂልና ባልደረቦቿ በደብሊን ያገኙት የጡንቻን ዕድገት የሚቆጣጠር ጂን እንኳ የሚነግረን ፈረሱ ለአጭር ወይስ ለረጅም ርቀት እንደሚስማማ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አይደለም።

የሴክሬታርየት ነገር ግን አዛውንቱ ወደ ናቋት ባዝራ ያመጣናል። ይህ ፈረስ ከ600 በላይ ውርንጭሎች አፍርቶ እርሱን የሚያህል ወንድ ልጅ አልወጣለትም፤ የተወራረዱበት ሁሉ ከሸፈ አሉ። በኋላ ግን ከሴት ልጆቹ የተወለዱት እነ ኤ ፒ ኢንዲ፣ እነ ስቶርም ካት፣ እነ ጎን ዌስት ራሳቸው ታላላቅ የዘር አባቶች ሆኑ። በወንድ ሐረግ ብቻ የቆጠረ ሰው ከሽፏል ብሎ መዝገቡን ዘግቶ ነበር።

እኛ አገር ባዝራ ስሟ አለመታወቁ ብቻ አይደለም። ከመንጋው የተሻለችው፣ ወገበ ሰፊዋና እግረ ቀናዋ ባዝራ ብዙ ጊዜ ለአህያ ትሰጣለች፤ በቅሎ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ ስለምታወጣ። ይህ ለባለቤቱ ትክክለኛ ሒሳብ ነው፣ አልነቅፈውም። ለፈረሱ ዘር ግን በየትውልዱ የተሻሉት እናቶች ልጅ ሳይተኩ ይቀራሉ ማለት ነው፤ በቅሎ አትወልድምና። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ባዝራ ናት» አለች እየተባለ ይሳቅባታል። በእኔ ግምት ከሁላችን ይልቅ የእናቷን ስም የያዘችው እርሷ ናት።

አንድ ነገር በመካከል ልጨምር። «ዘር ነው» ማለት የሚቀናን በፈረስ ብቻ አይደለም። ከአርሲዋ በቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሲወጡ ብዙ ሰው ደም ነው አለ፤ ደራርቱና ጥሩነሽ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውም ተጨመረበት። ይህን ያህል ሰው ከአንድ ትንሽ ከተማ መውጣቱ በእርግጥ የዕጣ መከማቸት አይደለም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ከፍታው አለ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥበት መንገድ አለ፣ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አሉ። አንድ ላይ የተገኙትን ነገሮች ሳይለያዩ ለአንዱ ብቻ ክብሩን መስጠት አይቻልም። የጫጫ ፈረስም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ ድንጉላ የሚገዛው ገብስ የሚተርፈው ሰው ነውና፣ የውርንጭላው ፍጥነት ከአባቱ ይሁን ከገብሱ ማን ለየው?

ስለ ውርርዱ ንግድ በአጭሩ ልናገር፤ ነገሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ አያስኬድም። ዦዜፍ ኦሌ እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ በፓሪስ ያስጀመረው የጋራ ውርርድ አሠራር፣ የተወራራጆቹን ገንዘብ በአንድ ቋት ሰብስቦ፣ አወራራጁ ድርሻውን ቀድሞ ያነሣና ቀሪውን ለአሸናፊዎች ያከፋፍላል። ድርሻው ከመቶ 20 ቢሆንና አንድ ሰው በ100 ብር ጀምሮ የደረሰውን ሁሉ እንደገና እያስያዘ ዐሥር ጊዜ ቢወራረድ፣ በአማካይ በእጁ የሚቀረው 10 ብር ከ70 ሳንቲም ያህል ነው። ግሪፊት የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው ደግሞ፣ ሕዝብ የማሸነፍ ተስፋቸው የመነመነውን ፈረሶች ከሚገባቸው በላይ፣ ጠንካሮቹን ከሚገባቸው በታች ይገምታል። ሰው ትንሽ አስይዞ ብዙ የማግኘትን ሕልም በውድ ይገዛል ማለት ነው። ሒሳብ ተጠቅሞ በዚህ ሜዳ እንደበለጸገ የሚታወቀው አሜሪካዊው ቢል ቤንተር ነው፤ በሆንግ ኮንግ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፎታል። ከጽሑፉ ለእኛ የሚጠቅመው ነገር አንድ ነው፤ ቤንተር በየውድድሩ የሮጠውን ፈረስ ሁሉ፣ የመጨረሻውን ጨምሮ፣ መዝግቦ ነበር የሚያሰላው።

በአሁኑ ጊዜ በየአገሩ ባሉ የውርርድ ቤቶች በኮምፒዩተር የተሠራ የፈረስ ውድድር በስክሪን ይታያል። አባት የለም፣ ባዝራ የለችም፣ ገብስ የለም፤ አሸናፊውን የሚወስነው ማሽኑ በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ሆኖም የሚጫወቱት ወጣቶች «ሰባት ቁጥር ዛሬ ቀንቶታል» ሲሉ ይሰማሉ። ፈረስ በሌለበት እንኳ ዘርና አዝማሚያ የሚፈልግ አእምሮ፣ ፈረስ ባለበት ምን ያህል እንደሚያይ ገምቱ። በአገራችን ከተሞችም የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከተስፋፉ ወዲህ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ የት እንደሚያድር ሁላችንም አይተናል፤ ለዚያ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ሕግ አውጪው ይቀርበዋል። ለእኛ የሚቀርበው የገበሬው በሬ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ከመጪው ጥምቀት ጀምሮ በዚህ ወረዳ የፈረስ መዝገብ ይክፈት። ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ የመለኪያ ገመድና ሰዓት ይበቃል። በየሜዳው የሮጠው ፈረስ ሁሉ ይጻፋል፤ መልኩና ምልክቱ፣ በጥርሱ የተገመተ ዕድሜው፣ ጋላቢው፣ የሜዳው ርዝመት በሜትር፣ መሬቱ ደረቅ ወይም ጭቃ መሆኑ፣ አባቱ፣ እናቱ፣ ስንተኛ እንደወጣ። አባቱ ወይም እናቱ ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ ባለቤቱን ለማስደሰት ሲባል ዝነኛ አባት አይፈለግለት።

ስንት ዓመት ያስፈልጋል ለሚለው፣ ቀመሩን የምታውቁት ነው። የመተላለፉን ልክ ከመቶ 35 ብንወስድ፣ ስለ አንድ ድንጉላ ዘር በአንድ ልጁ ብቻ ፍርድ ብንሰጥ የግምታችን አስተማማኝነት ከመቶ 9 ገደማ ነው። ልጆቹ 10 ሲሆኑ ወደ 49 ይወጣል፤ 30 ሲሆኑ 74 ይደርሳል። በአምስት ሜዳ 12፣ 12 ፈረስ ቢመዘገብ በዓመት 60፣ በስድስት ዓመት 360 መስመር ይሆናል። ያን ጊዜ ቢያንስ ስለ ጥቂት ድንጉሎች ለገበሬው የምንነግረው ነገር ይኖረናል፤ «ይህን በሬህን ሸጠህ አትግዛው» ማለትን ጨምሮ። ይህ ሥራ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑንም ልብ በሉልኝ። ባጃጅ ጋሪውን እየተካ ነው፤ ጋሪው ሲቀር የጋሪ ፈረስ ዋጋ ይወርዳል፣ ዋጋው የወረደ እንስሳ ደግሞ ዘሩ ሳይመረመር ይመናመናል። እነዚያ ጋሪ የሚጎትቱት የድንጉላው ልጆች ዛሬ በመንገዱ ላይ አሉ፤ ሊቆጠሩና ሊለኩ ይችላሉ።

ደብተሩን ማን ይይዛል የሚለው ገና ያልተቋጨ ነገር ነው። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ፈቃደኛ እንደሆኑ ነግረውኛል፤ ይሁን እንጂ የጥምቀት ዕለት እነርሱም ታቦት ይሸኛሉ፣ ስለዚህ በየሜዳው ሁለት ሰው ቢመደብ ይሻላል፤ አንዱ መድረሻው ላይ ቆሞ ቅደም ተከተሉን ይያዝ፣ ሌላው ከመነሻው አይለይ፤ ግልቢያው ሳያልቅ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ፈረስ የሚታየው ከዚያ ነውና። የሰንጠረዡን ረቂቅ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የጎደለ ዐምድ ካያችሁ በእርሳስ ጨምሩበት።